«ይይዛል»

እናቴ የታናሽ እህቷን ቀብር ያልደረሰችው በእኔ ጥፋት ነው። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሰባት ወር ፈጀብኝ። እስካሁን ለጠየቀኝ ሁሉ ስመልስ የኖርኩት ሌላ ነው፤ «መኪና ተበላሸብን» እላለሁ፣ «መንገድ ላይ ቀረን» እላለሁ። አማርኛችን ለእንዲህ ያለው ነገር ይመቻል። ብርጭቆው ራሱ ይሰበራል፣ ወተቱ ራሱ ይገነፍላል፣ መኪናው ራሱ ይበላሻል። የሰበረው፣ እሳቱን ያልጠበቀው፣ ያበላሸው ሰው በመሀል ሹልክ ብሎ ይወጣል።

እኔ ሹልክ ያልኩባት ቃል «ይይዛል» ናት።

ከዚያ ጉዞ ዐሥር ቀን በፊት ልጄ ከጅማ መርካቶ አስቤዛ ገዝታ ስትመለስ፣ «አባዬ፣ የፍሬኑ ፔዳል ወደ ታች እየሄደ ነው፤ ሁለቴ ካልረገጥኩት አይጠነክርም» አለችኝ። ወጥቼ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ በቆመ መኪና ላይ ረገጥኩት። «ይይዛል» አልኳት። ከሦስት ቀን በኋላ የሁልጊዜ መካኒካችን ለሌላ ጉዳይ ኮፈኑን ከፍቶ ሳለ የፍሬን ዘይቱን አየት አደረገና «ይሄ ጠቁሯል፣ ጎድሏልም። የፍሬን ሸራው መታየት አለበት፤ መቼ ታመጣታለህ?» አለኝ። «ከበዓል በኋላ» አልኩት። የጎደለውን ዘይት እኔው ገዝቼ ሞላሁት። የፍሬን ዘይት እንደ ቤንዚን እየተቃጠለ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ከጎደለ ወይ ፈትጎ የሚያቆመው ሸራ እየሳሳ ነው፣ ወይ የሆነ ቦታ ያፈስሳል። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ ይህን ግን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም ነበር። መኪናዋ የሰጠችኝን ምልክት በገዛ እጄ ሞልቼ አጠፋሁት።

ስንፍና ብቻ አልነበረም (ራሴን እየተከላከልኩ ነው መሰለኝ)። መኪናችን በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራች ኮሮላ ዲኤክስ ናት፤ ከልጄ በብዙ ዓመት ትበልጣለች። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ የጫነው ቀረጥ፣ በ2016 ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉ፣ እንደኔ ላለው ደመወዝተኛ ያለችውን አሮጌ መኪና የርስት ያህል አደረጋት። መለዋወጫዋ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ተፈልጎ፣ በአውቶቡስ ተልኮ ነው ጅማ የሚደርሰው። ርስት ስለሆነች እናጥባታለን፣ እንወለውላታለን፣ ማታ ሸራ እናለብሳታለን። ስትታመም ግን «ይይዛል» እንላለን።

ጅሬን ዳገት ላይ

ልጄን መንዳት ያስተማረቻት ማሠልጠኛዋ ናት፤ ያለማመድኳት ግን እኔ ነኝ። ሕጉ እንደሚለው አሥራ ስምንት ዓመት እስኪሞላት ጠብቀናል። ሰፈራችን ውስጥ በአሥራ አምስት ዓመቱ የአባቱን መኪና ይዞ ቦሳ ቂጦ ድረስ የሚሄድ ልጅ አለ፤ እኔ እንደዚያ ስላላደረግሁ ራሴን ጥንቁቅ አባት አድርጌ እቆጥር ነበር።

እሑድ እሑድ ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚወጣው የጅሬን ዳገት እንሄዳለን። ባላንስ ላስይዛት። ዳገቱ መሀል አስቆማታለሁ፤ ፍሪሲዮን ቀስ ብላ ትለቃለች፣ ነዳጅ ትሰጣለች፣ መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች፣ ወደ ኋላ ሳትንሸራተት ትነሣለች። ጅማ ዝናብ ስለማይጠፋባት ቀዩ ጭቃ አስፋልቱ ላይ ተለቅልቆ ሳለም ሞክረናል። ላብ በላብ ትሆናለች። ጫፍ ስንደርስ «ጎበዝ!» እላታለሁ፣ ከተማዋን ከላይ ለጥቂት ደቂቃ እናያለን፣ ከዚያ እንመለሳለን።

ስንመለስ ወሬ እናወራ ነበር።

ይህ ነገር የገባኝ በኋላ ነው። መውጣቱን እንደ ትምህርት፣ መውረዱን እንደ ዕረፍት ቆጥሬው ነበር። በዚያን ሁሉ እሑድ ዳገት እንጂ ቁልቁለት አላስተማርኳትም። እንዲያውም በተራዬ እኔ ስነዳ፣ ቁልቁለት ላይ ማርሹን ዜሮ አድርጌ እለቃት ነበር፣ ነዳጅ ልቆጥብ ብዬ። ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ታያለች። በዚህ በእኛ የካርቡረተር መኪና ጥቂት ጠብታ ቆጥቤ ይሆናል፤ በአዲሶቹ መኪኖች ግን ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግርን ከነዳጅ ላይ ማንሣት ብቻ ነዳጁን ራሱ ያቋርጠዋል፣ ዜሮ ማርሽ ምንም አይቆጥብም። ቆጠብኩም አልቆጠብኩም፣ የምሰጠው ነገር ይበልጣል፤ ሞተሩ መኪናዋን ይዞ የማዝገም ሥራውን ትቶ ሁሉንም ለፍሬን ይጥለዋል። ማሠልጠኛዋ «በምትወጪበት ማርሽ ውረጂ» ብላ አስተምራት ኖሯል። ልጄ ይህን ለእኔ አልነገረችኝም። አባት ቁልቁለት ላይ ማርሽ ዜሮ ሲያደርግ ልጅ «ተሳስተሃል» አትልም፤ ደግ አድርገን አሳድገናታለና።

ገደሉ አፋፍ

መርዶው ለእኛ የደረሰን ማታ ነው። እማዬን እስከ ሌሊቱ ዐሥር ሰዓት አላነቃናትም። ቀብሩ በዚያው ቀን ስድስት ሰዓት ላይ፣ ከወልቂጤ ወጣ ባለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን ነበር። ከጅማ ወልቂጤ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዐሥራ አንድ ተኩል ላይ ተነሣን።

ልጄ ትንዳ ያልኩት እኔ ነኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ ስላልተኛሁ ነው ብያለሁ። እሱም እውነት ነው፤ ግን ለቅሶ ቤት የሚሰበሰበው ዘመድ ሁሉ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጄ ቤተሰቧን ይዛ ስትደርስ እንዲያይልኝ ፈልጌ ነበር። በለቅሶ መሀልም ኩራት አይጠፋም።

እኔ ጋቢና፣ እማዬ፣ ታላቅ ወንድሜና ባለቤቴ ከኋላ፣ ከኋላ ሻንጣው ውስጥ ደግሞ ለለቅሶ ቤቱ የያዝነው አንድ ፈረሱላ ቡና። ሰርቦ ስንደርስ አንድ ዘመዳችን መንገድ ዳር ቆሞ ጠበቀን። «ተጠጉለት» ተባለ። ልጄ ቀስ ብላ «አምስት ነን እኮ፣ ሞልተናል» አለች። ማንም አልመለሰላትም። ተጠጋን። ስድስት ሆንን።

ወንድሜ ከጅማ ጀምሮ «ጨመር አድርጊ እንጂ» ይላል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቀብር ያልፍብናል ብሎ ነው። አሰንዳቦ አካባቢ ዝናብ ያዘን፣ ከሶኮሩ በኋላ ተወን። ከዚያ ልጄ ዝም አለች። የምታወራ ልጅ ናት፣ ዝምታዋ ይሰማል። እግሯን አየሁት። አንድ ጊዜ ትረግጥና ትለቃለች፣ ወዲያው ትደግመዋለች። አንዴ ከአህያ ፊት፣ አንዴ ከጉድጓድ ፊት፣ አንዴ ምንም በሌለበት እንዲያው ለመሞከር።

አየሁት። አየሁትና ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

አበልቲን አልፎ ያለውን ስፍራ በዚያ መንገድ የተጓዘ ሁሉ ያውቀዋል። ደጋው ድንገት ያልቅና የጊቤ ሸለቆ ከእግር ሥር ይከፈታል። ከታች ሙቀቱ ይጠብቃል፤ አስፋልቱ ገደሉን ተጠምጥሞ ይወርዳል፤ ሲኖትራኮቹ በመጀመሪያ ማርሽ እያጓሩ ይወጣሉ፣ ዝንጀሮዎቹም ዳር ላይ ተቀምጠው ያለፈ ያገደመውን ያያሉ። ልጄ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ፍሬቻ አሳየች፣ ሰፋ ባለው ዳር ላይ ቀስ ብላ አቆመች፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበች፣ አንደኛ ማርሽ አስገብታ ሞተሩን አጠፋች። ወርዳ ሁለት ድንጋይ ፈልጋ ለጎማው ታኮ አደረገች። ከዚያ በእኔ በኩል መጥታ ቆመች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለ ወንድሜ ከኋላ።

«ጋሼ፣ ፔዳሉ ታች ደርሷል። በዚህ ፍሬን ስድስት ሰው ይዤ ጊቤን አልወርድም።»

«ቀብር እኮ ነው የምንሄደው! ከፈራሽ ለአባትሽ ስጪው፤ እሱ መንገዱን ያውቀዋል።»

ቁልፉን በመስኮቱ አቀበለችኝ። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፅዋ ግን አይንቀጠቀጥም ነበር። «አባዬ ከፈለገ ይንዳ። እኔ አልገባም። እማማንም አላስገባም።»

መኪናው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። በእኛ ቤት አያትን «አላስገባም» የሚል ልጅ ታይቶ አይታወቅም። ወንድሜ «ድሮስ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም!» ብሎ በሩን ከፈተ። ዘመዳችን ጉሮሮውን ጠረገ። ባለቤቴ እኔን ታያለች።

እውነቱን ልናገር፤ ልነዳ ነበር። ወርጄ፣ በመኪናዋ ፊት ዞሬ፣ የሹፌሩን በር እጀታ ይዤ ነበር። በዚያች ሰዓት ስለ ፍሬኑ አላሰብኩም። ፍሬኑንማ ዐውቀዋለሁ፤ ዐሥር ቀን ሙሉ ዐውቄዋለሁ። ያሰብኩት ይህ ሁሉ ሰው እያየ፣ ልጄ አልነዳም ባለችው መኪና ላይ ካልተቀመጥኩ ምን ዓይነት አባት እንደምባል ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት የነዳሁት ሰው፣ የሰባት ወር መንጃ ፈቃድ ያላት ልጅ አስቁማኝ። ገደሉን ያየሁት ከሰው ዐይን ቀጥሎ ነው።

እማዬ ናት ያዳነችኝ። «አውርዱኝ» አለች ከኋላ። «እማዬ፣ ቆይ...» ስላት፣ «አውርዱኝ አልኩ። እኔ ለቅሶ ልደርስ ነው የወጣሁት፤ ሊለቀስልኝ አይደለም።»

ነጠላዋን አጣፍታ ወረደች። ልጄ የቡናውን ከረጢት ከኋላ አውጥታ አነጠፈችላት፤ እማዬም እሱ ላይ ተቀመጠች፣ ፊቷን ወደ ሸለቆው አዙራ። ወልቂጤ ከዚያ ማዶ ነው። አራት ሰዓት አልፎ ነበር።

ያ ቁልቁለት ምን ሊያደርገን ይችል እንደነበር ያጠናሁት ከዚያ በኋላ ነው። ነገሩ ቀላል ነው። መኪና ከከፍታ ሲወርድ የያዘው ጉልበት አንድ ቦታ መሄድ አለበት፤ ወይ ፍጥነት ይሆናል፣ ወይ ሙቀት። ፍሬን ማለት ፍጥነትን ወደ ሙቀት የሚቀይር ዕቃ ነው። ለረዥም ቁልቁለት እግሩን ፍሬን ላይ አድርጎ የሚወርድ ሰው ምድጃ እያነደደ ነው የሚወርደው። ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ይሻገራል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት የመጥጣት ባሕርይ አለው። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይችላል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መለኪያው ወደ 140 ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል፤ ፔዳሉን ስትረግጠው ባዶ ትራስ እንደመርገጥ ነው፣ ወለሉን ይነካል፣ መኪናው ግን አይሰማህም። ሰዎች «ፍሬን በጠሰ» የሚሉት አንዳንድ ጊዜ የተበጠሰ ነገር የለውም። ፈልቶ ነው። እንደ ጅማ ዓመቱን ሙሉ እርጥበት በሚያረብበት አገር፣ መቼ እንደተቀየረ የማይታወቅ ጥቁር ዘይት ይዘን ነበር ገደሉ አፋፍ የደረስነው፤ በዚያ ላይ የሳሳ ሸራ፣ ስድስት ሰውና አንድ ፈረሱላ።

ከጅማ የሚመጣው ሁሉ ሞልቶ ነው የሚያልፈው። ከአንድ ሰዓት በላይ እጃችንን እያውለበለብን ቆመን በመጨረሻ አንድ አባዱላ እያጣበበ አራቱንም ወሰዳቸው። እስከዚያ ድረስ እማዬ ከከረጢቱ ላይ አልተነሣችም። ወንድሜ ሰዓቱን እያየ ሲንቆራጠጥ «ተቀመጥ» አለችው። «እህቴ እንደሆነች ከእንግዲህ የትም አትሄድም።»

እኔና ልጄ ባዶዋን መኪና አዙረን፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ሁለቱንም ፍሬቻ እያበራን ወደ ኋላ ወዳለችው ከተማ ተመለስን። ነጂዋ እሷ ነበረች። አንድ መካኒክ ጎማዎቹን አወረደ። በግራ በኩል የፊቱ ሸራ አልቆ ብረቱ ዲስኩን መፋቅ ጀምሯል፤ ከኋላ ታምቡሩ ውስጥ ዘይት ያንጠባጥባል። «በዚህ ጊቤን እንወርድ ነበር?» አልኩት። መልሱን እስካሁን አልረሳሁትም፦ «ትወርዱ ይሆናል። ላትወርዱም ትችላላችሁ።» ከዚያ ወደ ልጄ ዞሮ «አሥራ አራት ቁጥር ቁልፍ አቀብዪኝ» አላት። ያቆመችው እሷ መሆኗን አልነገርኩትም።

ድንኳኑ ውስጥ

እማዬ የደረሰችው ሰው ከቀብር ተመልሶ እጁን ሲታጠብ ነው።

እኛ ዐሥር ሰዓት ላይ ደረስን። ወንድሜ ድንኳኑ ውስጥ ለጠየቀው ሁሉ እያስረዳ ነበር፤ «ልጅቷ ገና ናት፤ ጊቤን ስታይ ፈራች።» ሰዉም በደግነት፣ «እንዴታ፣ ያ ገደል ማንን አያስፈራም! ልጅ አይደለች እንዴ!» ይላል። ልጄ የቡና ትሪ ይዛ በመሀል ታልፋለች። ሰምታለች። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ ሰማሁ። ዐይናችን አንዴ ተገናኘ።

ምንም አልተናገርኩም። ሰባት ወር ሙሉ ሲነዘንዘኝ የኖረው ይህ ነው፤ ፍሬኑ አይደለም። «አልፈራችም፤ እኔ ነኝ ፍሬን ሳላሠራ ያወጣኋችሁ» ማለት ስንት ቃል ነው? ጊቤ አፋፍ ላይ ድፍረቱ የነበራት እሷ ብቻ ናት፤ ድንኳኑ ውስጥ የፈሪነት ስም የተሰጣትም እሷ ናት። እኔ ደግሞ የተከበርኩ የሟች እህት ልጅ ሆኜ ንፍሮ እዘግናለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በመንገድ አደጋ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው ይሞታል፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ላሉት ደግሞ ከማናቸውም የሞት ምክንያት ይቀድማል። ይህን ስንሰማ ዐይናችን ወዲያው ወደ ወጣቶቹ ይዞራል፦ ፍጥነታቸው፣ ስልካቸው፣ ሙዚቃቸው፣ ማታ ከጫት በኋላ የሚይዙት መሪ። ውሸት ነው አልልም፤ ጅማ ውስጥ ማታ ማታ የሚሆነውን አያለሁ። ግን ለልጄ አደጋ ሆነን የነበርነው እኛው ነን፣ ከኋላ የተቀመጥነው ትልልቆቹ። «ጨመር አድርጊ» ያልናት፣ ስድስተኛ ሰው ያሸከምናት፣ «ይይዛል» ያልናት።

ወንድሜ ልጅቷ ድንገት እንዳመፀች ነው የሚያወራው። ድንገት አልነበረም። ከዐሥር ቀን በፊት በትንሹ ነገረችኝ፤ ዋጥኩት። ሰርቦ ላይ በትንሹ «ሞልተናል» አለች፤ ዋጥነው። ሶኮሩን አልፈን በእግሯ ተናገረች፤ መስኮት አየሁ። ትንንሾቹን እምቢታ ሁሉ ስለበላንባት ነው መኪና አቁሞ ቁልፍ እስከ ማስረከብ የደረሰችው። ስንቱ የሌላ ሰው ልጅ ሦስተኛው ላይ ደክሞት ዝም ብሎ ይወርዳል? ጓደኞቹ «ንካው፣ ንካው!» ሲሉት እምቢ ማለት ያቃተው ልጅስ፣ እምቢታ የት ነው የሚለማመደው? ቤት ውስጥ አስጥለነዋል። ይሉኝታ ደግ ነገር ነው፤ ያለ እሱ ቤት አይቆምም። መሪ የያዘ ሰው ላይ ግን መጫን የለበትም።

ለወንድሜ በስልክ የነገርኩት ጅማ ከተመለስን ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። መካኒኩ ያገኘውን ሁሉ ዘረዘርኩለት። ትንሽ ዝም አለና «ይይዝ ነበር» አለኝ። እንዲህ ሲል ልበሳጭ አልቻልኩም። ምን ማስረጃ አለኝ? ያልደረሰ አደጋ ምስክር የለውም። ብንገለበጥ ኖሮ ልጄ ትክክል ትሆን ነበር፣ ያንን የሚመሰክር ሰው ግን አይተርፍም ነበር። አሁን ሁላችንም አለን፣ ስለዚህ ፈሪ ናት። እንዲህ ያለ ፍርድ ውስጥ ነው ጥንቃቄ የሚኖረው።

ደብተሩ

ልጄ ክሩስኮቱ ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ አንድ ባለ ሃምሳ ገጽ ደብተር አስቀምጣለች። መኪናዋ ምን ዘይት እንደተቀየረላት፣ በስንት ኪሎ ሜትር፣ በምን ቀን፣ ሁሉም እዚያ ይጻፋል። የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል፣ ቢጠቁርም ባይጠቁርም። ከዚያ በፊት የመኪናዋ ታሪክ በእኔ ጭንቅላት ውስጥ ነበር፤ የእኔ ጭንቅላት ደግሞ የሚመቸውን ነው የሚያስታውሰው። ለዓመታዊ ምርመራ ሄደን ቦሎ ስንለጥፍ የአንድ ዓመት ምሕረት ያገኘን ይመስለኝ ነበር። ቦሎ የሚናገረው ስለዚያች ቀን ብቻ ነው።

አንድ ቀን ከጎሚስታ ስትመለስ «አባዬ፣ የኋላዎቹ ጎማዎች ስንት ዓመታቸው ነው?» አለችኝ። «አዲስ ናቸው፣ ጥርሳቸውን አታዪም?» አልኳት። ተንበርክካ ጎኑ ላይ ያለችውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አሳየችኝ፦ 1114። በ2014 እ.ኤ.አ. በ11ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ጎማው ግን ደርቆ በጎኑ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች አውጥቷል። ጥቂት ስለተነዳ ብቻ አዲስ የመሰለኝ ነገር ነበር። ስኮርታውማ አይነሣ፤ ነፋስ አልነበረውም። ምን ያህል ጊዜ እንደዚያ ይዘነው እንደዞርን አላውቅም።

ለኋላ ወንበር ቀበቶ አስገጥመናል፤ ገንዘቡ አሞኛል። አምስት ሰው ከሞላ መኪናዋ ሞልታለች፤ ይህን የሚወስነው መሪ የያዘው ሰው ነው፣ እሷም ትሁን እኔ። በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ልጄ የጻፈችው ይህንኑ ነው። እኔ በፊርማዬ አጸደቅሁ፣ እንደ ቀበሌ ደብዳቤ። እሷ ሳቀች። እኔ ግን የምሬን ነበር።

እሑድ ጠዋት አሁንም ጅሬን እንወጣለን። ወሬ የምናወራው ስንወጣ ነው። ስንወርድ ዝም እንላለን፤ ሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ እግር ከፍሬን ላይ ተነሥቶ አልፎ አልፎ ብቻ ጠንከር ብሎ እየነካ። አሁን የምታስተምረኝ እሷ ናት። ዜሮ ማርሽ የለመደ እጅ በቀላሉ አይተውም፤ ሁለት ጊዜ እጄን መታኛለች።

በአርባው ቀን ወልቂጤ ስንሄድ፣ ጠዋት ገና ከመነሣታችን በፊት ወንድሜን በር ላይ አቁሜ፣ ባለቤቴና እማዬ እየሰሙ፣ «ያን ቀን ልጄ አልፈራችም» አልኩት። በድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሕዝብ አልሰማኝም። እዚህ የምጽፈውም ለዚያ ነው፤ ከዘመዶቻችን ይህን የሚያነብ አይጠፋም።

ባለፈው ሳምንት እማዬን ሐኪም ቤት ላደርስ መኪናዋን ልጄ ስለወሰደችብኝ ከበራችን ላይ ባጃጅ ጠራሁ። ልጁ ሃያ ዓመት አይሞላውም፤ ሙዚቃውን ቀነሰላት፣ ወርዶም ደገፋት። አንድ እግሯን አስገብታ ቆም አለች።

«ፍሬኑ እንዴት ነው፣ ልጄ?»

«ይይዛል፣ እማማ!»

«መያዙን አልጠየቅሁህም። መቼ ነው ያየኸው?»

ልጁ ሳቀ። ከዚያ አለመሳቋን አየና ወደ እኔ ዞረ። እኔ ምንም አላልኩትም። እማዬ ሁለተኛዋን እግሯን አስፋልቱ ላይ እንዳደረገች ጠበቀችው።